ስለ ሽበት ክብርና ዛሬ በማኅበራዊ መገናኛ ስለሚደርስበት ንቀት

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን አባቶቼ ካህናት፤ እናቶቼና አባቶቼ ምእመናን፤ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግሉ ልጆቼም ሆይ፤

ዛሬ የተሰበሰብነው ዕድሜን ለማክበር ነው። ኢዮቤልዩ ማለት በኦሪት ሥርዓት ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ የሚመጣው 50ኛው ዓመት መሆኑን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ይህ ቤተ ክርስቲያን በተመረቀበት ቀን ግድግዳው አዲስ፤ ቀለሙም ያልደበዘዘ ነበረ። ዛሬ ግን ደጁ በብዙ እጅ ተዳስሶ፤ ደረጃው በብዙ እግር ተረግጦ አርጅቷል፤ ክብሩም ስላረጀ በዛ እንጂ አልጐደለም። ከበሮው የተመታለት፤ ድንኳኑም የተተከለለት ዓመቱን ስለ ቈጠረ ነው።

በዚህ ደስታ መካከል አንድ ጥያቄ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ቤት 50 ዓመት ሲሞላው በዓል የምናደርግለት፤ ብራና ሲያረጅ በግምጃ ጠቅልለን በሣጥን የምናኖረው እኛ፤ ሰው 70 ወይም 80 ዓመት ሲሞላው ስለ ምን እንስቅበታለን? ይህን የምጠይቀው ለአንድ ወገን ጠበቃ ሆኜ አይደለም። ዕድሜዬ ከ50 ያለፈ፤ ጺሜም ወደ ነጭ ያዘነበለ ስለ ሆነ፤ ከሽማግሌዎች ፊት ስቀመጥ ልጅ፤ ከልጆች ፊት ስቀመጥ ሽማግሌ ነኝ። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ስለ ሌላው የሚናገረውን እሰማለሁ።

በእጃችን የያዝነው ስልክ መልካም መሣሪያ ነው። በባሕር ማዶ ያለውን ልጅ ከእናቱ ጋር ያነጋግራል፤ የታመመውም ሰው በአልጋው ሆኖ ቅዳሴ እንዲሰማ ያደርገዋል። ነገር ግን ማኅበራዊ ሚዲያ በሚባሉት፤ ይኸውም በፌስቡክ፤ በቲክቶክ፤ በቴሌግራምና እነዚህን በመሳሰሉት ላይ አንድ ክፉ ልማድ ሲበረታ እናያለን። አንድ አዛውንት ከኤቲኤም ማሽን ፊት ቆመው የሚነኩት ቍልፍ ሲጠፋባቸው፤ ከኋላ የቆመው ሰው በማገዝ ፈንታ በስልኩ ይቀርጻቸዋል፤ ማታም የማያውቋቸው ብዙ ሰዎች ይስቁባቸዋል። አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን በሌላው ስም ቢጠሩ ያ ስሕተት የአገር መሳቂያ ይሆናል። አንድ ሰው በአደባባይ ጉዳይ ላይ አሳቡን ቢጽፍ፤ አሳቡ ትክክል መሆኑና አለመሆኑ ሳይመረመር «ዝም በል፤ አንተ ሼባ» ወይም «ጃጅተሃል» የሚል መልስ ይወርድበታል። ነገሩን የረታው ማስረጃ ሳይሆን የልደት ዘመን ይሆናል።

ይህን ንቀት አጥብቀን ብንመለከተው አራት ፊት እንዳለው እናገኛለን። አንደኛው፤ ሽማግሌ አዲስ ነገር መማር አይችልም የሚል ነው። ሁለተኛው፤ ያረጀ ሁሉ በሽተኛና ዘንጊ ነው የሚል ነው። ሦስተኛው፤ ሽማግሌ የልጆችን ድርሻ ይዞ አልለቅም ያለ ስስታም ነው የሚል ነው። አራተኛው ግን ፍቅር ስለሚመስል ከሁሉ ይልቅ የተሰወረ ነው፤ ይኸውም አዛውንቱን እንደ ሕፃን መቍጠር ነው። ቤት ያቆሙ፤ ነገር የፈረዱ፤ ልጆች አሳድገው የዳሩ ሰው በአደባባይ «እንዴት ያምራሉ፤ ሕፃን እኮ ነው የሚመስሉት» እየተባሉ ይታያሉ። በሦስቱ የተሰደበ ሰው መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ በአራተኛው የተናቀ ሰው ግን ምን ብሎ ይመልሳል? ንቀቱ በማር ተለውሷልና።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚታይ እንዳይመስላችሁ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸውን ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እናገራለሁ። በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ቼቪ ቼዝ በሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ለድኾች አረጋውያን መኖሪያ ይሁን ቢባል፤ የሰፈሩ ሰዎች አጥብቀው ተቃወሙ። ዶክተር ሮበርት በትለር የሚባሉ ሐኪም ይህን አይተው፤ ሰውን በዘሩ ወይም በቀለሙ መናቅ የታወቀ ስም እንዳለው ሁሉ፤ በዕድሜው መናቅም ስም ያስፈልገዋል ሲሉ «ኤጂዝም» ብለው ጠሩት። እኛ በቋንቋችን የዕድሜ አድልዎ ብንለው ይስማማል። በትለር አያቶቻቸው ያሳደጓቸው ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ የሕክምና ተማሪ በሆኑ ጊዜ አስተማሪዎቻቸው ለአረጋውያን ሕሙማን ያላቸውን ንቀት አይተው እጅግ አዘኑ። ኋላም በአሜሪካ መንግሥት ስለ እርጅና ምርምር የሚያደርገው ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ።

ያ ንቀት በዚያ ዘመን በሰፈር ስብሰባ ይነገር ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ስልክ ገባ። በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ቤካ ሌቪና ባልደረቦቻቸው በፌስቡክ ላይ ስለ አረጋውያን ለመነጋገር የተቋቋሙ 84 ቡድኖችን መርምረው ውጤቱን በ2014 ዓ.ም. አሳተሙ። የእነዚህ ቡድኖች አባላት 25,489 ነበሩ፤ ከመሥራቾቹም የሚበዙት ወጣቶች ነበሩ። ቡድኖቹ ስለ ራሳቸው ከጻፉት መግለጫ ከአንዱ በቀር ሁሉም በአረጋውያን ላይ ክፉ አሳብ የያዘ ሆኖ ተገኘ። ከመቶ 74ቱ አጥብቆ የሚሰድብ፤ ከመቶ 27ቱ እንደ ሕፃን የሚቈጥር፤ ከመቶ 37ቱ ደግሞ አረጋውያን ወደ ገበያ እንደ መውጣት ካለው የአደባባይ ኑሮ ይከልከሉ የሚል ነበረ። ልብ በሉ፤ ይህ የተጻፈው ስለ ጠላት አይደለም፤ ስለ አያት ነው።

በ2019 ዓ.ም. ደግሞ «ኦኬ ቡመር» የሚለው ቃል በዓለም ተሰማ። «ቡመር» የሚባሉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከ1946 እስከ 1964 ዓ.ም. የተወለዱት ናቸው፤ ቃሉም «እሺ ሽማግሌው፤ ሰምተንሃል» ብሎ እንደ ማለፍ ያለ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በኒው ዚላንድ ፓርላማ የ25 ዓመት ወጣት የነበሩት ክሎይ ስዋርብሪክ ስለ አየር ንብረት ሕግ ሲናገሩ፤ ከሸንጎው መካከል አንድ ሰው ቢያቋርጣቸው በዚህ ቃል መለሱለት። ፍርድ ለመስጠት ሁለቱንም ወገን ማየት ይገባል። የሚናገርን ወጣት ማቋረጥ መልካም አይደለም፤ ወጣቶችም ስለ ሥራ፤ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ነገው ዓለም የሚያሰሙት ብሶት እውነት ያለበት ነው። ነገር ግን ለአንድ ሰው የተሰጠው መልስ በስልክ ተሠራጭቶ በሚሊዮን ለሚቈጠሩ ሽማግሌዎች ሁሉ የሚሰጥ መልስ ሆነ፤ ከእነዚያም የሚበዙት ሥልጣንም ሀብትም የሌላቸው ነበሩ።

የዚህም ፍሬ ሳይቈይ ታየ። በ2020 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ፤ በዚያን ዘመን ትዊተር ይባል በነበረው መገናኛ ላይ አንዳንዶች በሽታውን «ቡመር ሪሙቨር»፤ ይኸውም የሽማግሌ ማስወገጃ ብለው ቀለዱበት። በዚያ በሽታ ከሞቱት ሰዎች የሚበዙት አረጋውያን መሆናቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ ቀልድ በትንሹ ተጀምሮ የት እንደሚደርስ ተመልከቱ፤ አስቀድሞ በቃሉ ሳቁበት፤ ኋላ በሞቱ ሳቁበት።

እኛስ? ኢትዮጵያ ሽማግሌ የሚከበርባት አገር ናት ብለን እንመካለን፤ እውነትም አለበት። በቋንቋችን «ሽማግሌ» የሚለው ቃል ያረጀ ሰው ማለት ብቻ ሳይሆን፤ የተጣላውን የሚያስታርቅ፤ ለጋብቻም የሚላክ ሰው ማለት ነው፤ ዕድሜው ራሱ ሹመት ሆኖለታል። ሆኖም በዚያው ቋንቋ «ካረጁ አይበጁ» የሚል ተረት አለን። ስለዚህ ስልክ ይህን ንቀት ከባሕር ማዶ አመጣብን ብንል ግማሹን ብቻ መናገራችን ነው። ዘሩ በቤታችን ነበረ፤ ስልክ ውኃ አጠጣው።

እንዴት አጠጣው ብትሉኝ፤ ሦስት ምክንያት አያለሁ። ፊተኛው፤ በስልክ ላይ ፊት ለፊት መተያየት የለም። በመንደር ሽማግሌ ሲመጣ ልጅ ከመቀመጫው ይነሣ ነበር፤ ክፉ ቃል ሊናገር ቢያስብ እንኳ ዓይናቸውን ሲያይ ያፍር ነበር። ስልክ ግን የሚያስነሣ ሰው፤ የሚያሳፍርም ዓይን የለውም። ሁለተኛው፤ እነዚህ መገናኛዎች ብዙ ሰው ያየውንና ያሳቀውን ነገር አብልጠው ለሌላው የሚያሳዩ ናቸው፤ የአዛውንቱ ምክር አሥር ሰው ሲያየው የአዛውንቱ መሰናከል ሺህ ሰው ያየዋል። ሦስተኛው፤ መሣሪያው ለእያንዳንዱ ሰው የሚመስለውን እየመረጠ ስለሚያመጣለት፤ ወጣት ከወጣት ጋር፤ ሽማግሌም ከሽማግሌ ጋር ብቻ ተዘግቶ ይውላል።

ይህ ሦስተኛው ነገር በሮብዓም ላይ የደረሰውን ያሳስበኛል። ሮብዓም በነገሠ ጊዜ ሕዝቡ የአባቱን የሰሎሞንን ቀንበር ያቀልላቸው ዘንድ ለመኑት። ሽማግሌዎቹ በለዘብታ እንዲመልስላቸው መከሩት፤ እርሱ ግን ይህን ትቶ አብረውት ያደጉትን ብላቴኖች ምክር ሰማ፤ እነርሱም ልቡ የወደደውን ነገሩት። ከ12ቱ ነገድ 10ሩ የተለዩት በዚህ ነው። ሮብዓምን ያጠፋው ወጣቶችን መጠየቁ አይደለም፤ የሚመስሉትን ብቻ መስማቱ ነው። በዘመናችን ይህን ሥራ ስልክ በየኪሳችን ሆኖ ይሠራዋል።

ነገር ግን መጽሐፍ ሽማግሌ ሁሉ ጠቢብ ነው አላለንም። በኢዮብ መጽሐፍ በዕድሜ የበለጡት ሦስቱ ወዳጆች ብዙ ተናግረው መልስ አጡ፤ ታናሹ ኤሊሁ ግን ዕድሜያቸውን አክብሮ ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ ተናገረ። በመጨረሻም እግዚአብሔር የወቀሰው ሦስቱን እንጂ ኤሊሁን አይደለም። ስለዚህ የምንለምነው ሽበት ሁልጊዜ ይረታ ብለን አይደለም፤ ሽበት ሳይሰማ አይፈረድበት ብለን ነው።

በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ሥርዓት በዓይናችን አይተነዋል። ጕባኤው ሕፃኑንም ጐልማሳውንም በአንድነት የሚያስቀምጥ ነው። ዓይናቸው የፈዘዘ፤ እግራቸው የደከመ መምህር ቢሆኑ፤ ለማያውቃቸው መንገደኛ አንድ ደካማ ሽማግሌ ይመስላሉ፤ ለተማሪው ግን ቤተ መጻሕፍት ናቸው። የመጻሕፍት አንድምታ ትርጓሜ ለብዙ ዘመን በአብዛኛው ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ በቃል ሲተላለፍ የኖረ ነውና፤ ሽማግሌው በተናቀ ጊዜ የሚጠፋው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። በዚያው ጕባኤ አንድ ትንሽ ልጅ መልካም ቅኔ ቢያመጣ ሽማግሌዎቹ «ይበል» ይሉታል፤ ቃሉ ለቅኔው እንጂ ለዕድሜው አይሰጥም። ደግሞም ሰምና ወርቅ መለየት የተማረ ሰው በሰሙ ብቻ አይፈርድም። የፊት መጨማደድና የእጅ መንቀጥቀጥ ሰም ነው፤ ስልክም ፈጥኖ የሚቀርጸው ይህንኑ ነው። ወርቁን ለማግኘት ግን ቁጭ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ምናልባት «ቀልድ ነው፤ ማንን ይጐዳል?» የሚል ይኖራል። መልሱን ከምርምር እንስማ። እነዚሁ ቤካ ሌቪና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍል ኦክስፎርድ በምትባል ከተማ ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ የሆነ 660 ሰዎች ስለ ራሳቸው እርጅና አስቀድመው የሰጡትን መልስ፤ እስከ 23 ዓመት ድረስ ከኖሩት ዕድሜ ጋር አስተያይተው በ2002 ዓ.ም. አሳተሙ። ስለ እርጅናቸው መልካም አሳብ የነበራቸው ክፉ አሳብ ከነበራቸው ይልቅ 7 ዓመት ተኩል ያህል አብልጠው ኖሩ። የጤናቸው ሁኔታ፤ ሀብታቸውና ብቸኝነታቸው ሁሉ ታስቦ ሳለ ልዩነቱ አልጠፋም። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2021 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ከ57 አገሮች ከ83,000 የሚበልጡ ሰዎች የሰጡትን መልስ መርምሮ፤ ከሁለት ሰዎች አንዱ በአረጋውያን ላይ የዕድሜ አድልዎ እንዳለበት ተናገረ።

ከዚህ ዋናውን ነገር እንረዳለን። ሰውን በዘሩ የሚንቅ ሰው ኃጢአቱ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን በማግስቱ ተነሥቶ ያን የናቀውን ዘር ሆኖ አያገኘውም። ሽማግሌን የሚንቅ ወጣት ግን ዕድሜ ከተሰጠው ያንኑ የናቀውን ሰው ይሆናል። በ20 ዓመቱ «ያረጀ አይረባም» እያለ ለሌላው የሚጽፈው ቃል በራሱ ልብ ይቀመጣል፤ በ70 ዓመቱም ይከፍተውና በራሱ ላይ ያነብበዋል። በ2019 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በዓለም ያሉ ብዙ ወጣቶች ፌስአፕ በተባለ መተግበሪያ ፊታቸውን አስረጅተው እያሳዩ ተሳሳቁ። ጨዋታ ነበረ፤ ነገር ግን ምስሉ አንድ እውነት ተናግሯል፤ ሽማግሌ የሚባለው ሌላ ሰው አይደለም፤ ጊዜ የደረሰበት አንተው ነህ።

አሁን ደግሞ ለአባቶቼና ለእናቶቼ አንድ ነገር በትሕትና ልናገር። «የዛሬ ልጅ» የምትለዋ ቃል ከአፋችን አትጠፋም። የዛሬ ልጅ ሰነፍ ነው፤ የዛሬ ልጅ ሥርዓት የለውም፤ የዛሬ ልጅ ስልክ እንጂ መጽሐፍ አያውቅም እንላለን። ይህም ሰውን ሳይመረምሩ በልደቱ ዘመን መፍረድ ነው፤ «ሼባ» ከሚለው ስድብ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። አክብሮት እንዲዘልቅ ከፈለግን ከላይም ከታችም መምጣት አለበት። ልጁ የሚያውቀውን ሲያሳየን «አንተ ምን ታውቃለህ» ያልነው እንደ ሆነ፤ እኛ የምናውቀውን ሊሰማ እንዴት ይመጣል?

እንግዲህ ንግግር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፤ ይህ ደብር ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርጋቸው የሚችሉ አራት ነገሮች ላሳስብ።

አንደኛ፤ የአንድን አዛውንት ምስል ከማጋራታችሁ በፊት ልጆቼ ሆይ፤ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ፈቅደዋልን? በፊታቸውስ ቆሜ ለሰው ላሳየው እችላለሁን? የማትችሉት ከሆነ ደምስሱት። እንዲህ ያለ ምስል ሲደርሳችሁም አታስተላልፉ፤ ሳቅ የሚያስተላልፈው ሲያጣ በራሱ ይሞታል።

ሁለተኛ፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት ለመማማር ይሰጥ። ወጣቱ ለአዛውንቱ የስልኩን አያያዝ፤ ገንዘብ መላኩንና ከአጭበርባሪ መልእክት መጠንቀቁን ያሳያቸው፤ አዛውንቱም ይህ ቤት እንዴት እንደ ተሠራ፤ ማን ድንጋይ እንደ ተሸከመ፤ ማን ቆርቆሮ እንደ ሰጠ ይንገሩት። ወጣቱ በፈቃዳቸው ድምፃቸውን ይቅረጽ። ያ የመሳቂያ መሣሪያ የታሪክ መዝገብ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ የደብሩ ማስታወቂያ በቴሌግራም ብቻ አይቅር። ስልክ የሌላቸው፤ ፊደሉም ለዓይናቸው የሚደቅቅባቸው አሉና፤ በዐውደ ምሕረት በቃል ይነገር፤ በደጅም በትልቅ ጽሕፈት ይለጠፍ። ሰውን ሳይሰድቡ የሚንቁበት መንገድ አለ፤ ይኸውም ሳይነግሩ መተው ነው።

አራተኛ፤ ከሥራ በጡረታ የተገለሉትን ሰዎች ጉባኤያችን ሥራ ይስጣቸው። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ እውቀቱ ግን ጡረታ አይወጣም። ሒሳብ የያዙ፤ ያስተማሩ፤ በሽተኛ ያስታመሙ፤ ነገር የፈረዱ በመካከላችን ተቀምጠዋል። «እረፉ እንጂ» ብለን ስናልፋቸው ያከበርናቸው ይመስለናል፤ እነርሱ ግን አታስፈልጉም እንደ ተባሉ ይሰማቸዋል።

አባቶቻችን «እርጅና ብቻህን ና» ይሉ ነበር፤ ደዌንና ድኽነትን አስከትለህ አትምጣብኝ ማለታቸው ነው። ደዌን ከሰው ማራቅ ለሐኪም እንኳ የሚቸግር ነው። ንቀትን ማራቅ ግን በእጃችን ነው፤ ያለ ገንዘብና ያለ መድኃኒት፤ በአንድ ጣት ብቻ ልንከለክለው የሚቻለን ነው።

እግዚአብሔር ይህን ቤት 50 ዓመት እንዳቈየው ለዘመናት ያቈይልን፤ በውስጡም ሽማግሌው የሚሰማበት፤ ልጁም የማይናቅበት ጉባኤ ያድርግልን፤ ዛሬ በወጣትነት የተቀመጣችሁትን የሚቀጥለውን ኢዮቤልዩ በሽበትና በክብር ለማየት ያብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።